ቀይ ኩላንት ወይስ አረንጓዴ? የራዲያተሩን ክዳንስ ማን አየው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ወር ከደብረ ማርቆስ ስመለስ ቶዮታ ቪትዜ ዓባይ በረሃ ላይ ፈላብኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ከጀመርኩ ብዙም አልሄድኩ፤ ቀዩ መብራት በራ። የኔ ቪትዝ የሙቀት ጌጅ የለውም። ሰማያዊው መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ሞቀ ማለት ነው፤ ቀዩ ሲበራ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲትጎለጎል ትንሿ ልጄ መኪናው ሊቃጠል ነው ብላ አለቀሰች። ያ ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ጋራዥ አስገብቼው ነበር። መካኒኩ የነበረውን ሮዝ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ደፍቶ የቧንቧ ውሃ ሞላበት፤ ላዩ ላይ አንድ ሊትር አረንጓዴ ጨመረ። ለምን ስለው አዲስ አበባ ውሃ በረዶ አይሆንም፣ ኩላንት ለፈረንጅ አገር የተሠራ ነው አለኝ። ሌላ ጋራዥ ስጠይቅ ቀይ ለቶዮታ፣ አረንጓዴ ለኮሪያና ለቻይና መኪና ነው ተባልኩ። መለዋወጫ ሱቅ ስገባ ቀይ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተደርድሮ አገኘሁ፤ ሻጩ ሁሉም ያው ነው አለኝ። የትኛውን ልግዛ? ውስጡ የተደባለቀውንስ እንዴት አጥቤ ላውጣው? የምታውቁ አስረዱኝ።

የመጣውን መልስ ከዚህ በታች በቁጥሩ ቅደም ተከተል አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ክሩ (ውይይቱ) ረዝሞ መሃል ላይ ስለተደበላለቀ፣ እንደኔው ተቸግሮ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ሲያነብ እንዳይደክም ብዬ ነው።

1ኛ መልስ። መጀመሪያ የጻፈው ወንድም ስለ ኩላንት አንድ ቃል አላነሳም። ልጆቹ በሰላም ገቡ ወይ፣ ክዳኑንስ በትኩሱ ከፍተሃል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ አንድ ጊዜ አዋሽ አካባቢ በትኩሱ ከፍቶ ክንዱ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል። የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ተይዞ እስኪያስችል መጠበቅ፣ ከዚያም ወፍራም ጨርቅ ደርቦ ክዳኑን ቀስ ብሎ ሩብ ዙር ማላላት፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ ብቻ መክፈት እንደሚገባ መከረ። አመሰግነዋለሁ። ዓባይ ላይ ከመክፈት የተረፍኩት በዕውቀት ሳይሆን ባለቤቴ እጄን ይዛኝ ነው።

2ኛ መልስ። ባጭሩ፦ ለቶዮታ ሮዝ፤ ሌላ ወሬ አያስፈልግም።

3ኛ መልስ። ይህ 2ኛውን በትሕትና አረመ፤ ከክሩ ሁሉ በደንብ የተጻፈው ይመስለኛል። ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ሁሉ ተስማምተው የሚከተሉት የቀለም ሕግ የለም። የአብዛኞቹ መሠረት አንድ ነው፦ ኤትሊን ግላይኮል። የሚለያዩት በዝገት መከላከያው ነው። የድሮው አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኬት ያለበት ሲሆን ሁለት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ብርቱካንማና ቀይ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ ኦርጋኒክ አሲድ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። የጃፓን አምራቾች ደግሞ ኦርጋኒክ አሲዱን ከፎስፌት ጋር ያዋህዱታል፤ ሲሊኬት አይጨምሩም። የሆንዳው ሰማያዊ፣ የቶዮታው ሮዝ ቢሆንም የሚቀራረቡ ዘመዳሞች ናቸው። እዚያው ሱቅ የምናገኘው አንድ አረንጓዴ ግን ከሌላው አረንጓዴ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል።

እዚህ ላይ እኔ ፈጽሞ የማላውቀውን ነገር ጨመረ። የቶዮታ ቀይና የቶዮታ ሮዝ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ቀዩ የቀድሞው ሲሆን ሳይበረዝ ይመጣል፤ ቶሎ ቶሎም ይቀየራል። ሮዙ ግማሽ በግማሽ ተበርዞ የመጣ ነው፤ ቶዮታ ለመጀመሪያ ጊዜ በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ያዛል። ስለዚህ መካኒኩ ደፍቶ የጣለብኝ ገና ብዙ ዕድሜ የነበረው ሊሆን ይችላል። ይህን ሳነብ ሆዴ ተቃጠለ።

4ኛ መልስ። አንድ አባት ጻፉ። በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የሚባለውን የድሮ የጭነት መኪና ለዓመታት የነዱ ናቸው። በዚያ ዘመን የአፋርን ሙቀት ያለፉት በውሃ ብቻ መሆኑን፣ ጀሪካን ከጎን አስረው እየሞሉ ይሄዱ እንደነበር፣ ኩላንት የሚባል ስም እንኳ እንዳልሰሙ በዝርዝር ነገሩን። የዛሬ ሾፌር መኪናውን ከማዳመጥ ይልቅ ጠርሙስ መግዛት ይቀለዋል ሲሉም ወቀሱ።

5ኛ መልስ። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ብሎ የጀመረ ወጣት፣ የኤንትሬ ሞተር ወፍራም የብረት ድፍን፣ ራዲያተሩም የመዳብ እንደነበር፣ የዛሬው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና ራዲያተር ግን ስስ አሉሚኒየም፣ የራዲያተሩ ግራና ቀኝም ፕላስቲክ መሆኑን አስረዳ። ብረት ቢዝግም ዓመታት ይቆያል፤ አሉሚኒየም በቧንቧ ውሃ ቶሎ ይበላል። እኚህ አባት አልተቆጡም፤ አስበውበት እንደሚመለሱ ጽፈው ሄዱ። በኋላ ተመልሰው የመጡትም ክሩን በሚያስተካክል ነገር ነው።

6ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። አንዱ መጣና ሁላችንንም የቀለም ውሃ ነጋዴዎች አለን። ውሃ ከኩላንት የበለጠ ሙቀት እንደሚሸከም ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል፤ አዲስ አበባ በረዶ የለም፤ ታዲያ ለምን ይገዛል?

7ኛ መልስ። ከሚኒሶታ አንድ ወንድማችን መለሰ። እዚያ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንደማይረጋ፣ እሱ ባይኖር በጥር ወር የሞተሩ ብሎክ እንደሚሰነጠቅ ጻፈ። ቀጥሎም አገር ቤት ያለው መካኒክ ሁሉ ያልተማረ ነው ዓይነት ቃል ጣለ። ይህ ደስ አላለኝም።

8ኛ መልስ። ስድስተኛው ተመልሶ መጣ፤ ሚኒሶታ ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ መካኒክ ማውራት ምን ይሉታል ብሎ የብዙ ሰው ስም አጠፋ። ሁለት ሦስት ሰዎች ገብተው ተሰዳደቡ፤ ያንን አልደግመውም።

እኔ ግን ስድስተኛው የተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑን መካድ አልፈልግም። አንድ ኪሎ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎጁል ይፈጃል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ኩላንት 3.5 ገደማ ነው። ውሃ በእርግጥ የተሻለ ሙቀት ይሸከማል። የማይሠራው ሌላውን ነው፦ ዝገት አይከላከልም፣ የውሃ ፓምፑን ማኅተም አያለሰልስም፣ የመፍያ ነጥቡም ዝቅተኛ ነው። ለአዲስ አበባ ከ50 በመቶ በታች ማድረግ ይቻላል፤ ከሲሶ በታች ከወረደ ግን ዝገት መከላከያው ሥራውን ለመሥራት ያንሳል።

9ኛ መልስ። ስድቡ ሲበርድ የአሰቡ አባት ተመለሱ። ሰው ሁሉ ስለ ቀለም ሲጨቃጨቅ ክዳኑን አየሁ ያለ አለመኖሩ ገርሟቸዋል። እሳቸው አሰብ ሲወርዱ ማታ ማታ ከዘይት ቀጥሎ የሚያዩት የራዲያተሩን ክዳን ጎማ ነበር። ያ ልጅ፣ ማለትም እኔ፣ ክዳኑን ከፍቶ ጎማውን በጥፍሩ ጫን ብሎ ይይና ይንገረን አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ከፈትኩት። ጎማው ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ስትሳብ አትመለስም። ደግሞም ከራዲያተሩ የሚተርፈውን የሚይዘው ሪዘርቭ ታንክ ሙሉ ሆኖ ሳለ ራዲያተሩ ውስጥ ግን ውሃው ሁለት ጣት ጎድሏል። እኔ ሁልጊዜ የማየው ሪዘርቩን ነበር፤ ሙሉ ነው ብዬም አእምሮዬ ያርፍ ነበር። ፎቶውን ለጠፍኩ።

10ኛ መልስ። ፊዚክስ አስተማሪ የሆነች እህታችን ፎቶውን አይታ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠችው፤ ብዙ ሰው ዝም ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ወደ 90 ይወርዳል። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፤ ሞተሩም በደህናው ቀን 90 አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ምንም ብልሽት ሳይኖር እንኳ በመፍላት ጠርዝ ላይ ነው። ግፊት የመፍያ ነጥቡን ከፍ ስለሚያደርግ፣ 0.9 (የሚይዘው ግፊት በባር ገደማ) የተጻፈበት ደህና ክዳን ሲኖር ግን ያው ውሃ እዚሁ አዲስ አበባ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ደግሞ ክዳኑ ሞቶም ቢሆን ወደ 100 ይጠጋል። ይህ ማለት ከቀለም ምርጫ የሚገኘው ጥቅም ሁሉ ተደምሮ፣ ደህና ክዳን ከሚሰጠው 20 ዲግሪ አይበልጥም።

ጨምራ ስለዚያች ትንሽ ቫልቭ ነገረችን። ሞተሩ ሲሞቅ ትርፉ ወደ ሪዘርቭ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ በትንሿ ቫልቭ በኩል ተስቦ ይመለሳል። ቫልቯ ከሞተች የወጣው አይመለስም፤ ሪዘርቩ ሞልቶ ራዲያተሩ ይጎድላል። ጠዋት ላይ የላይኛው ቱቦ ተጨማድዶ ከተገኘም ጥፋቱ የዚያችው ቫልቭ ነው። የእኔ መኪና ታሪክ ይኸው ነበር። ሻጩም፣ ሁለቱም ጋራዦች ይህን አልጠየቁኝም።

11ኛ መልስ። የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ቅን ልብ ይዞ መጣ። ብዙ ጋራዥ መኪና ሲሞቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል መሆኑን፣ እሱም ለዓመታት ይህን ሲያደርግ እንደኖረ ተናገረ። አሁን የተወው በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ስለተረዳ ነው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ራዲያተሩን ዘሎ የሚያልፈውን አቋራጭ ከታች ይዘጋል። አውልቀህ ከጣልከው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ያው ሞተር ይፈላል።

12ኛ መልስ። አንዱ በቁጣ፣ ታዲያ የእነዚያን ዓመታት ደንበኞች ቤንዚን ማን ይከፍላቸዋል ብሎ ጠየቀው። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ግን ጥፋቱን ለማንም ሳይጠየቅ የተናገረን ሰው እንዲህ መውጋት ሌላው መካኒክ አፉን እንዲዘጋ ያደርጋል። ይህንኑ ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም።

13ኛ መልስ። ከምን ውሃ ጋር እንደሚቀላቀል አንዲት እህት ጠየቀች። የጋራዡ ባለቤት ከዲስቲልድ (ተነጥሮ ማዕድኑ ከወጣለት) ውሃ ጋር ነው ሲል መለሰ። ምክንያቱን ማንቆርቆሪያችሁን አይታችሁ ታውቁታላችሁ፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰፈሮች ነጩ ቅርፊት ምን ያህል እንደሚወፍር ታያላችሁ። ያው ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በቴስታታው ውስጥ ይጋገራል። አንዱ ከባትሪ ቤት መግዛት ይቻላል ሲል ሌላው ፈጥኖ አስጠነቀቀ፦ ባትሪ ቤት ውሃም አሲድም ይሸጣል፤ ጠርሙሱም ይመሳሰላል። የአጎቱ ልጅ አሲዱን ራዲያተር ውስጥ ጨምሮ አሉሚኒየሙን አስበልቷል። ስትገዙ አንብቡ፣ ጠይቁም።

14ኛ መልስ። ስለ አስተጣጠቡ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ዕለት ራሴ ስለሠራሁት። ጠዋት በቀዝቃዛው ከራዲያተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቼ በሳፋ አወጣሁት። የወጣው ቡናማ ነበር፤ ሮዝም አረንጓዴም አይመስልም። በዲስቲልድ ውሃ ሞላሁ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ የላይኛው ቱቦ ግሎ ፋኑ እስኪነሳ አስነሳሁት፤ ከዚያ አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ደፋሁ። ችኮላ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ አራት ጊዜ ደገምኩት፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። በመጨረሻ ተበርዞ የመጣውን ሮዝ ሞላሁ።

15ኛ መልስ። ሦስተኛው ወንድም ወዲያው አረመኝ፤ ልክም ነው። ራዲያተሩን ብትደፋም በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ውሃ ይቀራል። መያዣው 5 ሊትር ሆኖ የወጣው 3 ከሆነ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ተበርዞ የመጣ 3 ሊትር ስትጨምር ኩላንቱ 30 በመቶ ብቻ ይሆናል። ከታጠበ በኋላ መግዛት ያለብን ያልተበረዘውን ነው፦ መጀመሪያ የጠቅላላውን ግማሽ፣ ማለትም 2.5 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት መጨመር፣ ቀሪውን በዲስቲልድ መሙላት። እኔ በማግስቱ እንደገና ጥቂት ደፍቼ አስተካከልኩ። አየር ለማስወጣት የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሞ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቱቦውን በእጅ እየጨመቁ አረፋው እስኪያልቅ ማስነሳት እንደሚረዳም እሱ ነው የነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሩብ ሊትር ጎድሎ አገኘሁት።

16ኛ መልስ። አንዱ በኦሞ ማጠብ አይሻልም ወይ አለ። የጋራዡ ባለቤት አረፋው ተመልሶ እንደማይወጣ፣ በረኪና ደግሞ አሉሚኒየም እንደሚበላ ነገረው። ከዚህ ወሬው ወደ ጥንቱ ብልሃት ሄደ፦ ሊማሊሞ ላይ ራዲያተሩ ተበስቶበት የእንቁላል ነጭ ጨምሮ ደባርቅ የገባ ሾፌር ታሪክ መጣ። እንቁላሉ እዚያው በስሎ ቀዳዳውን ደፈነለት። ለነፍስ ማትረፊያ ይሁን፤ ግን ያው እንቁላል የማሞቂያውን ቱቦዎችም ይደፍናል። ከተማ ሲገባ ሁሉም ተፈትቶ መታጠብ አለበት።

17ኛ መልስ። ይሄ ሁሉ ጣጣ በቅርቡ ይቀራል፣ ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የለ ወይ አለ አንዱ። ስለ ቻርጅና ስለ መብራት መጥፋት ስድስት ሰባት መልእክት ተጻፈ። ከጉዳያችን የሚገናኘው አንዱ ብቻ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ኩላንት አለው፤ አንዳንዶቹም ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ተደርጎ የተሠራ ልዩ ዓይነት ይፈልጋሉ። የቪትዙን እዚያ የሚጨምር መካኒክ እንዳይመጣ ከአሁኑ መናገር ይገባል።

18ኛ መልስ። ይህን ሁላችሁም አንብቡት። አንዲት እናት የጻፉት ነው። ጎረቤታቸው የተረፈውን ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ በረንዳ ላይ ትቶት፣ የግቢው ውሻ ከፈሰሰው ልሶ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ኤትሊን ግላይኮል ይጣፍጣል፤ ጥቂቱ ኩላሊት ያወድማል። ልጅ ቢቀምስ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ቅዳሜ የደፋሁትን ያስቀመጥኩበት ሳፋ ትዝ አለኝና ሮጬ ወጣሁ። ልጆቼ እዚያው ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ነበር። አሁን ክዳን ባለው ጀሪካን ተቆልፎበታል፤ ላዩ ላይም መርዝ ብዬ ጽፌበታለሁ።

19ኛ መልስ። ሌላ ሰው ክዳንም ኩላንትም ቀይሮ አሁንም ውሃ እንደሚጨርስበት ጻፈ። የጋራዡ ባለቤት ሦስት ጥያቄ ጠየቀው፦ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ሆኗል ወይ? ጭሱ ነጭና ጣፋጭ ሽታ አለው ወይ? ሞተሩ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይወጣል ወይ? ሁለቱ አዎ ሆኑ። እንግዲያው የተበላሸው የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ ኩላንት አያድነውም። ሳይውል ሳያድር ቢከፈትና ቴስታታው ቶርኖ ቤት ቢላግ ይሻለዋል።

20ኛ መልስ። የአሰቡ አባት አዲስ ክዳን ገዛህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገዝቻለሁ ጋሼ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ያንኑ ነው የገዛሁት፤ ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል ብሎ የሸጠልኝን መልሻለሁ፤ የደከመ ቱቦ ያፈነዳልና። እሑድ ጠዋት ብቻዬን እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ ቀዩ መብራት አልበራም። ስወርድ ሪዘርቩ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ቦታው ተመልሷል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የክዳንን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለፋሲካ ቤተሰቤን ይዤ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ፤ ከመሄዴ በፊት አዲሱን ክዳን ማስለካት እፈልጋለሁ።